የኤሌክትሪክ ቻርጅ በአቶም ቅንጣቶች ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአራት ኪሎ አካባቢ ከማስጠናቸው የመሰናዶና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የተሰበሰቡ ናቸው። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቻርጅን ማስላት አያቅታቸውም፤ የኩሎንን ሕግ ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው እንኳ ይጽፉታል። የሚቸገሩት «ቻርጁ ራሱ ታዲያ ምንድን ነው?» ሲባሉ ነው። ቅደም ተከተሉ የጠያቂዎቹ እንጂ የመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርጅ ምንድን ነው? በኤሌክትሮን ውስጥ የተሞላ ነገር ነውን?

አይደለም። የዚህ የተሳሳተ ሥዕል ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች ቻርጅን «ሙል» የሚሉት አሉ፤ «ሙል» ደግሞ «ሞላ» ከሚለው ግስ ጋር ስለሚዛመድ ሰሚው በእንስራ ውስጥ እንዳለ ውኃ የሚሞላና የሚጎድል አንዳች ፈሳሽ በሐሳቡ ይስላል። «ቻርጅ» የሚለው የውጭ ቃልም ከጭነት ሐሳብ የተወለደ ስለሆነ በዚህ ረገድ የተሻለ አይደለም። ኤሌክትሮን ግን እስካሁን በተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ክፍልፋይ ያልተገኘለት ቅንጣት ነው። ቻርጁ የሚቀመጥበት ሆድ የለውም፤ ቻርጁን አራግፎ ባዶውን የቀረ ኤሌክትሮንም ታይቶ አይታወቅም።

የሚሻለው መንገድ ቻርጅን በሥራው መግለጽ ነው። ቻርጅ፣ አንድ ቅንጣት ከኤሌክትሪክና ከመግነጢስ መስክ ጋር ምን ያህል ጠብቆ እንደተሳሰረ የሚናገር ቁጥር ነው። ቅንጣቱ በመስክ ውስጥ ሲያልፍ ወዴትና ምን ያህል እንደሚገፋ፣ እርሱም በተራው በዙሪያው ምን ያህል መስክ እንደሚፈጥር የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ቻርል ኦጉስታን ደ ኩሎን በ1785 የለካውም ይህንኑ ነው፤ በሁለት ቻርጆች መካከል ያለው ኃይል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ።

ይህ መልስ ብዙ ተማሪዎችን እንደማያረካ አውቃለሁ። «የሚያደርገውን ነገሩን እንጂ የሆነውን አልነገሩንም» ይሉኛል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተመሳሳዩን ቅሬታ በመጠነ ቁስ ላይ ማንም አያነሣም። ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የደረሰ ሰው ክብደት ምን እንደሆነ በጀርባው ያወቀው ስለሚመስለው አይጠይቅም። ቻርጅን ግን በጀርባችን ስለማንሸከመው እንግዳ ይሆንብናል። ሁለቱም የቅንጣቱ መሠረታዊ ባሕርያት ናቸው፤ በአንዱ ላይ የማናነሣውን ጥያቄ በሌላው ላይ የምናነሣው ከልምድ የተነሣ ነው።

ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ በባትሪው ውስጥ ኤሌክትሮን እየጨመርሁ ነው?

አይደለም። በባትሪው አንድ ጫፍ የገባው ኤሌክትሮን ልክ ያህል በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ መቶ በመቶ የሞላውም ሆነ ተሟጦ የጠፋው ባትሪ ጠቅላላ ቻርጁ ያው ዜሮ ነው። የሚጨምረው በባትሪው ኬሚካሎች ውስጥ የሚቀመጠው ጉልበት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ለገሐር በእግረኛ መንገዱ ዳር ከሚሸጡት ፓወር ባንኮች ላይ የሚነበበው «10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ምክንያቱም ሚሊአምፔር ሰዓት በእርግጥም የቻርጅ መለኪያ ነው፤ ሲሰላም 36,000 ኩሎን ይሆናል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በሽቦው በኩል ዞሮ ስለሚያልፈው ቻርጅ እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ስለተከማቸ ትርፍ ቻርጅ አይደለም። አንድ የክረምት መብረቅ ወደ ምድር የሚያወርደው በተለምዶ 20 ኩሎን አካባቢ ነው፤ 36,000 ኩሎን ትርፍ ቻርጅ በእርግጥ በኪስ ተይዞ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ሻጩም ገዢውም መንገዱም ባልተረፉ ነበር።

በታኅሣሥና በጥር አየሩ ሲደርቅ ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ግን እውነተኛ ትርፍ ቻርጅ ነው። ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው ጥቂት ኤሌክትሮኖች ተሻግረው አንዱን አሉታዊ፣ ሌላውን አዎንታዊ አድርገውታል።

«አዎንታዊ» እና «አሉታዊ» ማለት ምን ማለት ነው? ስያሜው ተሳስቷል የሚባለውስ?

ስያሜው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ በ1740ዎቹ መጨረሻ፣ ኤሌክትሮን ከመገኘቱ 150 ዓመት ገደማ በፊት፣ በጨርቅ የታሸ ብርጭቆ የሚያገኘውን ዓይነት «አዎንታዊ» ብሎ ጠራው። ጆሴፍ ጆን ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ሲለይ፣ በሽቦ ውስጥ የሚጓዘው ይህ ቅንጣት በፍራንክሊን አጠራር አሉታዊ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በሥዕል ላይ የምናሰምረው የፍሰት አቅጣጫና የኤሌክትሮኖቹ ጉዞ ተቃራኒ ሆኑ። ፍራንክሊን ተሳሳተ ማለት ግን ተገቢ አይመስለኝም። በአንደኛው ዓይነት ውስጥ አንዳች «ጉድለት» የለም፤ ሁለቱ ምልክቶች ስሞቻቸው ቢለዋወጡ ከኩሎን ሕግ ውስጥ አንዲት ፊደል አትለወጥም። ምልክቱ የሚጠቅመን ሁለቱ ዓይነቶች ተደምረው ዜሮ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው።

የአቅጣጫው ነገር ለተማሪ ራስ ምታት መሆኑ አይካድም። ለዚህ የምሰጠው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲመዘግብ ቆይቷል። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል፤ ወደ እኩለ ቀን ገደማም በምድር ላይ የሚለካው የመስኩ አግድም ክፍል በዚሁ ምክንያት ከፍ ይላል። «ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል» ያልነው ግን በፍራንክሊን ቋንቋ ነው። ፍሰቱን በዋናነት የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች የሚጓዙት ወደ ምዕራብ ነው። መሣሪያው የሚያነበው ለሁለቱም አነጋገር አንድ ነው።

የኤሌክትሮን ቻርጅ ስንት ነው? ያን ያህል ትንሽ ነገርስ እንዴት ተለካ?

መጠኑ 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎን ነው። ከግንቦት 2019 ጀምሮ ይህ ቁጥር የሚለካ ሳይሆን የተደነገገ ሆኗል፤ ማለትም የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አምፔርን የሚተረጉመው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ስለሆነ ከእንግዲህ የስሕተት ኅዳግ የለውም። አንድ ኩሎን ለመሙላት 6.24 × 10¹⁸ ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ።

የአለካኩ ታሪክ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምራል። ሮበርት ሚሊካን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ1909 ጀምሮ፣ ከተማሪው ከሃርቪ ፍሌቸር ጋር፣ እንደ ጉም የደቀቁ የዘይት ጠብታዎችን በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል እየነፋ በአጉሊ መነጽር ይመለከት ነበር። ጠብታዎቹ ሲነፉ ጥቂት ቻርጅ ይይዛሉ። በሳህኖቹ መካከል ቮልቴጅ ሲደረግ ወደ ታች የሚስባቸውን ስበት የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላይ ይቃወመዋል፤ አንዷ ጠብታ ስትወድቅና ስትወጣ የሚኖራትን ፍጥነት በመለካት የያዘችው ቻርጅ ይሰላል። ጠብታዋ የያዘችው አንድ ኤሌክትሮን ይሁን አምስት አስቀድሞ አይታወቅም፤ የሙከራው ውበትም እዚህ ላይ ነው።

በፒያሳ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት በአንዲት ስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች እንበል። ስኒዋን ራሷን አላየናትም፤ ገዢዎቹ ይዘው የሚሄዱትን ብቻ እየመዘንን 60 ግራም፣ 90 ግራም፣ 150 ግራም፣ 210 ግራም አገኘን። 75 ግራም ወይም 100 ግራም የያዘ አንድም ሰው የለም። ስኒዋ 30 ግራም እንደምትይዝ ለመናገር ከዚያ በላይ ማየት አያስፈልግም። ሚሊካንም በጠብታዎቹ ላይ ያገኘው ቻርጅ ሁልጊዜ የአንድ ትንሽ መጠን ብዜት ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ጊዜም ግማሽ ስኒ አልተሸጠም። በ1913 ያሳተመው ዋጋ 1.592 × 10⁻¹⁹ ኩሎን ሲሆን ከዛሬው 0.6 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጉድለቱ የመጣው ከጠብታዎቹ ሳይሆን፣ አየር ለሚወድቅ ነገር የሚያሳየውን መጎተት ለማስላት ከተጠቀመበት ትንሽ የተሳሳተ ቁጥር ነው። የ1923 የኖቤል ሽልማት ከተሰጠባቸው ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ቅንጣቱ በከበደ ቁጥር ቻርጁም ይጨምራል?

ግንኙነት የላቸውም። ፕሮቶን በመጠነ ቁስ ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ይበልጣል፤ ቻርጁ ግን በምልክት ተቃራኒ ከመሆኑ በቀር በመጠን እኩል ነው። ሙዎን የሚባለው ቅንጣት ደግሞ ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ይከብዳል፤ ቻርጁ ያው የኤሌክትሮን ቻርጅ ነው። ሙዎኖች ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች የላይኛውን አየር ሲመቱ የሚፈጠሩ ሲሆኑ፣ በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ያህል ያልፋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ከዚህ ይበልጣል። ይህን መስመር ለማንበብ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ብዙ ሙዎኖች በአንባቢው አካል አልፈው ሄደዋል።

ኒውትሮን ቻርጅ ከሌለው በውስጡም ምንም ቻርጅ የለም ማለት ነው?

ይህ ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም «ዜሮ» ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ሊሸፍን እንደሚችል ያሳያል። በባዶ ኪስ መሄድና መቶ ብር ይዞ መቶ ብር ዕዳ መኖር በሒሳብ መዝገብ ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ኒውትሪኖ የሚባለው፣ ቻርጅም ክፍልፋይም የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት፣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ኒውትሮን ሁለተኛው።

ጄምስ ቻድዊክ ኒውትሮንን ባገኘበት በ1932 ቅንጣቱ በቀላሉ «ቻርጅ የሌለው» ተብሎ ታለፈ። ብዙም ሳይቆይ ግን ኒውትሮን ትንሽ መግነጢስ ሆኖ ተገኘ፤ በ1940 ሉዊስ አልቫሬዝና ፌሊክስ ብሎክ የመግነጢስነቱን መጠን በቀጥታ ለኩት። በውስጡ ምንም ቻርጅ ያልነበረበት ቅንጣት ግን መግነጢስ የሚሆንበት ምክንያት አልነበረውም። መልሱ የመጣው በ1964 ነው። መሪ ጌል ማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ ሳይመካከሩ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ኳርክ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አፕ ኳርክ የ+2/3፣ ዳውን ኳርክ የ−1/3 ቻርጅ አላቸው፤ መለኪያው የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን ነው። ፕሮቶን ሁለት አፕና አንድ ዳውን ስለሆነ ድምሩ +1 ነው። ኒውትሮን አንድ አፕና ሁለት ዳውን ስለሆነ ድምሩ ዜሮ ይመጣል። ዕዳውና ገንዘቡ ተካክለው እንጂ ኪሱ ባዶ ሆኖ አይደለም።

ብዙዎች፣ ጌል ማንም ራሱ በአንዳንድ ጊዜ፣ ኳርክን የሒሳብ ዘዴ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በስታንፎርድ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚረዝም ማፍጠኛ የተተኮሱ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶንና ከኒውትሮን እየነጠሩ ሲወጡ፣ የአነጣጠራቸው ሁኔታ በውስጥ እንደ ነጥብ ያነሱ ቻርጅ ያላቸው ነገሮች መኖራቸውን አሳየ። ጄሮም ፍሪድማን፣ ሄንሪ ኬንዳልና ሪቻርድ ቴይለር በዚሁ ሥራ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ታዲያ የቻርጅ ትንሹ ስኒ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት አይደለምን?

በቅንጣቶቹ ውስጥ፣ አዎ። ነገር ግን ኳርክ ብቻውን ወጥቶ አይገኝም። ሁለት ኳርኮችን ለማለያየት ስንጎትት፣ በመካከላቸው ያለው ጠንካራ ኃይል በርቀት አይላላም፤ የምናወጣው ጉልበት አዲስ ኳርክና ፀረ ኳርክ ይፈጥርና እንደገና ሙሉ ቁጥር ያለው ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶችን ያስረክበናል። ሚሊካን ግማሽ ስኒ ያላየው ለዚህ ነው። እጅግ በቀዘቀዙና በብርቱ መግነጢስ ውስጥ ባሉ ስስ ቁሶች በ1982 የታየው የአንድ ሦስተኛ ቻርጅ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ እርሱ የብዙ ኤሌክትሮኖች የማኅበር እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ነው።

ቻርጅ ሊጠፋ ወይም ከባዶ ሊፈጠር ይችላልን?

ቅንጣቶች ይጠፋሉ፣ ይፈጠራሉም፤ ድምሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በቂ ጉልበት ያለው የጋማ ጨረር፣ ማለትም ከ1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚበልጥ፣ በአቶም አጠገብ ሲያልፍ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሊለወጥ ይችላል። ፖዚትሮን ካርል አንደርሰን በ1932 ያገኘው፣ ከኤሌክትሮን ጋር በሁሉ እኩል ሆኖ ቻርጁ ብቻ +1 የሆነ ቅንጣት ነው። ከዚህ ለውጥ በፊት ቻርጅ ዜሮ ነበር፤ ከለውጡ በኋላም −1 እና +1 ተደምረው ዜሮ ናቸው።

ለዚህ የበለጠ የሚስበኝ ምሳሌ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲኬድ በመንገድ ላይ ያለው ነው፤ የብሔራዊ ሙዚየሟ ድንቅነሽ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው የምንለው አጥንቷ ተመርምሮ ሳይሆን፣ በሐዳር በተገኘችበት ደለል ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ጥቂት ፖታሲየም 40 አለ። ይህ አቶም በጣም አዝጋሚ በሆነ ሁኔታ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከመቶው 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40 የሚለወጠው፣ ኒውክለሱ ከገዛ ራሱ ኤሌክትሮኖች አንዱን ውጦ አንድ ፕሮቶኑን ኒውትሮን ሲያደርግ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ 19 ፕሮቶንና 19 ኤሌክትሮን የነበረው አቶም 18 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን ያለው ሆነ፤ በተጨማሪ የወጣው ኒውትሪኖ ቻርጅ የለውም። የቀረው 89 በመቶ በተቃራኒው መንገድ፣ ኒውትሮኑ ፕሮቶን ሆኖ ኤሌክትሮን በማስወጣት፣ ካልሲየም 40 ይሆናል። እዚያም ሒሳቡ ይዘጋል። አርጎን ጋዝ ቢሆንም በማዕድኑ ውስጥ ታፍኖ ይቆያል፤ ተመራማሪዎች እርሱን ለክተው ዘመኑን ያሰላሉ። በእነዚህ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ከተለወጡት አቶሞች አንዱም በቻርጅ ሒሳብ ላይ አላጭበረበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚሉ፣ ኤሚ ኖተር በ1918 ያሳተመችው ሥራ መንገዱን ያሳያል። በእርሷ መሠረት፣ በተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ቀስ በቀስ ሊለወጥ የሚችል አንድ ነገር ተለውጦ ሕጉ ካልተለወጠ፣ ከዚያ ጋር የሚሄድ የማይጠፋ መጠን ይኖራል። ለቻርጅ ያ ነገር ቅንጣቱን የሚገልጸው ሞገድ መነሻ ማዕዘን ነው። የቻርጅ አለመጥፋት ሕግ በሙከራም ተፈትኗል። ኤሌክትሮን ቻርጅ ካላቸው ቅንጣቶች ሁሉ በመጠነ ቁስ ቀላሉ ስለሆነ ወደ ሌላ ለመበስበስ ቻርጁን የሚያስረክበው ወራሽ የለውም፤ ቢበሰብስ ሕጉ ተሰበረ ማለት ነው። በጣሊያን ከተራራ ሥር ይሠራ የነበረው የቦሬክሲኖ መመርመሪያ በ2015 ባወጣው ውጤት መሠረት የኤሌክትሮን ዕድሜ ቢያንስ 6.6 × 10²⁸ ዓመት ነው።

የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ቻርጅ በመጠን እኩል የሆነው ለምንድን ነው?

ተማሪዎች «ቻርጅ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሊያስጨንቃቸው የሚገባው ይህኛው እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ኤሌክትሮን ክፍልፋይ የሌለው ነጠላ ቅንጣት ነው። ፕሮቶን ግን ሦስት ኳርኮች በጠንካራ ኃይል ታስረው የሚኖሩበት፣ ውስጡ የሚታመስ ቤት ነው። ዝምድና የሌላቸው የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ቻርጃቸው እንዴት በትክክል ሊገጥም ቻለ?

«በትክክል» ስል በግምት አይደለም። በገለልተኛ ጋዞች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር እንኳ ከ10²¹ አንድ እጅ ገደማ እንደማይበልጥ ታውቋል። ኤሌክትሮኖች በተለያየ ፍጥነት በሚንቀሳቀሱባቸው አቶሞች ሁሉ ውስጥ ገለልተኛነቱ ስለሚጠበቅ፣ ቻርጅ በፍጥነት እንደማይለወጥም በዚሁ ይታወቃል። ልዩነት ቢኖር ምን እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። በሁለት ፕሮቶኖች መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት ከስበታቸው 10³⁶ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ቻርጅ ከ10¹⁸ አንድ እጅ እንኳ ቢለያይ፣ በሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች መካከል የሚቀረው መገፋፋት ስበታቸውን ይስተካከል ነበር። የጋዝ ደመናም በገዛ ስበቱ ተሰብስቦ ኮከብ ለመሆን ባልበቃ።

እኩልነቱን ለማስረዳት የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው፤ አንዱም ግን የመጨረሻውን ማኅተም አላገኘም። ፖል ዲራክ በ1931 በዓለም ላይ አንድ ብቻውን የቆመ የመግነጢስ ዋልታ ካለ፣ ቻርጅ ሁሉ የአንድ መጠን ብዜት መሆን ግድ እንደሚለው አሳየ፤ እንዲህ ያለ ዋልታ ግን እስካሁን አልተገኘም። ሁለተኛው ዛሬ የምንጠቀምበት የቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ ራሱ ከሚጠይቀው የሒሳብ ጤንነት የመጣ ነው። የአንድ ቤተሰብ ቅንጣቶች ቻርጅ ሲደመር ዜሮ ካልሆነ ንድፈ ሐሳቡ እርስ በርሱ ይጋጫል። ኳርኮች እያንዳንዳቸው በሦስት ዓይነት ስለሚመጡ ድምሩ ሦስት ጊዜ +2/3፣ ሦስት ጊዜ −1/3፣ የኤሌክትሮኑ −1 እና የኒውትሪኖው 0 ነው። አንባቢው በወረቀት ላይ ሊደምረው ይችላል፤ ዜሮ ይወጣል። ይህ ሁኔታ ኳርክና ኤሌክትሮን እንግዳ ለእንግዳ እንዳልሆኑ አጥብቆ ይጠቁማል፤ ዝምድናቸው ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም።

ሦስተኛው ሐሳብ ዝምድናውን በግልጽ ያውጃል። ሃዋርድ ጆርጂና ሼልደን ግላሾ በ1974 ኳርክንና ኤሌክትሮንን የአንድ እናት ልጆች የሚያደርግ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ፤ በእርሱ ውስጥ የቻርጆቹ መግጠም አጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆናል። ዋጋው ግን ፕሮቶን ራሱ ውሎ አድሮ መበስበስ አለበት የሚል ነው፤ ለምሳሌ ወደ ፖዚትሮንና ከኳርክና ከፀረ ኳርክ ወደተሠራ፣ ፓዮን ወደሚባል ቅንጣት። በጃፓን በተራራ ሥር 50,000 ቶን ውኃ ይዞ የሚጠብቀው የሱፐር ካሚዮካንዴ መመርመሪያ ከ1996 ጀምሮ ፕሮቶን ቢበሰብስ በውኃው ውስጥ የሚታየውን ብልጭታ ሲከታተል ቆይቷል። አንድም ፕሮቶን በዚህ መንገድ ሲበሰብስ አላየም፤ ዕድሜውም ከ10³⁴ ዓመት እንደሚበልጥ ከዚሁ ተሰልቷል፤ የ1974ቱ ቀላሉ ንድፈ ሐሳብ ግን ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ በተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎች ወድቆ ነበር። ዘመዶቹ ግን ገና በክርክር ላይ ናቸው።